ርካሹ ላፕቶፕ ለዕለት ሥራ ይበቃል? የአንዲት የርቀት ተማሪ ማሽን ሲመረመር

የእህቴ ልጅ በርቀት ነው የምትማረው። ንባቡም፣ ፈተናውም፣ ከመምህራኖቿ ጋር የምትገናኘውም በላፕቶፕ ነው። ለዚህ ብላ የገዛችው ማሽን ከርካሾቹ ተርታ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሴሌሮን ኤን4020፣ ራሙ (ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) 4 ጊጋ፣ ማከማቻው 64 ጊጋ ኢኤምኤምሲ (በስልክና በታብሌት የምናውቀው ዓይነት)፣ ስክሪኑ 1366 በ768። ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ 11 ኤስ ሞድ በሚባለው የተገደበ መልኩ ተጭኖበታል። ክብደቱ ቀላል ነው። ፋን ስለሌለው ድምፅ አያሰማም። ባትሪውም ረጅም ሰዓት ይይዛል።

ትንሽ እንደተጠቀመችበት ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ ይሄ ነገር ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ። ተሸውጄ ነው እንዴ? ልሽጠው?"

ጥያቄዋ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ ነገሩን በጥድፊያ ማለፍ አልፈለግሁም። አብረን ቁጭ ብለን ማሽኑን መረመርነው። ማስተካከል የሚቻለውን አስተካከልን። የኮርስ ጓደኛዋ ካላት ሌላ ርካሽ ላፕቶፕ ጋርም አወዳደርነው። የደረስንበትን አስቀድሜ ልናገር፤ ሁሉም ሰው ፕሮሰሰሩን ይወቅሳል፣ የዚህ ማሽን ትልቁ ችግር ግን ራሙና ማከማቻው ላይ ነበር።

ቀርፋፋ የሆነው መቼ ነው?

"መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ሁሌም" አለች። ከእንዲህ ያለ መልስ መፍትሔ አይገኝም። ስለዚህ በተበሳጨች ቁጥር በዚያች ሰዓት ምን እየሠራች እንደነበር ወረቀት ላይ እንድትይዝ ነገርኳት።

ወረቀቱን ሳየው ብዙ ነገር ግልጽ ሆነ። የቤት ሥራ ስትጽፍ አንድም ቀን አልተማረረችም። ፒዲኤፍ ስታነብም፣ ኢሜይል ስትልክም እንደዚያው። የተቀዳ ትምህርት በቪዲዮ ስታይም ሰላም ነው። ቅሬታው የተሰበሰበው አራት ቦታ ላይ ነበር። ጠዋት ማሽኑን ስትከፍት፣ ኦንላይን ክፍል ውስጥ ሆና ሌላ ታብ ስትከፍት፣ ብዙ ታብ ከፍታ ወደ ቀድሞው ስትመለስ፣ እና ስክሪኗን ሸር አድርጋ ስታቀርብ።

እዚህ ላይ "በቂ ፍጥነት" የሚባለውን ነገር መለኪያ ሰጥቶ ማየት ይጠቅማል። ጃኮብ ኒልሰን የተባለው የአጠቃቀም ባለሙያ በ1993 ያስቀመጣቸው ሦስት ወሰኖች ዛሬም ይሠራሉ። ማሽኑ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ከሰጠ ሰው ወዲያው እንደሆነ ይሰማዋል። እስከ 1 ሰከንድ ድረስ መዘግየቱን ያስተውላል፣ ሐሳቡ ግን አይቋረጥም። 10 ሰከንድ ካለፈ ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል፣ ስልኩን ያነሳል። የእህቴ ልጅ ስትጽፍ ፊደሉ ከጣቷ እኩል ይወጣል። ክፍል ላይ ሆና ታብ ስትቀይር ግን አንዳንዴ ከ10 ሰከንድም ያልፋል። ማሽኑ ያው ነው፣ ሰዓቱም ያው ነው፣ ፍጥነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለዚህ "ይህ ላፕቶፕ ፈጣን ነው ወይስ ቀርፋፋ?" የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የለውም። አብሮት ምን እንደተከፈተ መታወቅ አለበት።

የጠዋቱ ችግር

ከቀላሉ ጀመርን። ማሽኑን አብርተን ምንም ሳንከፍት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫንን። የትኛው ፕሮግራም ማሽኑን እንደያዘው የሚያሳየው ታስክ ማናጀር መጣ። የዲስኩ አምድ 100 ፐርሰንት ላይ ቀልቷል። ፕሮሰሰሩም አላረፈም። እሷ ገና ምንም አልነካችም።

ከላይ ተሰልፈው የነበሩት የዊንዶውስ ማሻሻያ፣ የዲፌንደር የቫይረስ ፍተሻ፣ ፋይሎችን የሚመዘግበው የፍለጋ ኢንዴክሰር እና ፋይሎችን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭ ናቸው። ማሽኑ ሲከፈት አብረው የሚነሱ ሌሎች ፕሮግራሞችም ነበሩ። እነዚህ ሥራዎች ጤነኛ ናቸው፣ መሠራትም አለባቸው። ኃይለኛ ላፕቶፕ ላይ ሰው ሳያውቃቸው ያልፋሉ። እንዲህ ያለው ማሽን ላይ ግን ባለቤቷ ልትሠራበት በተቀመጠችበት ሰዓት እኩል ይሻሟታል።

ደግሞ የእሷ አጠቃቀም ነገሩን አባብሶታል። ክፍሏ ሲጀምር ታበራዋለች፣ ሲያልቅ ክዳኑን ትዘጋለች። ስለዚህ ማሻሻያው ሥራውን የሚጨርስበት ነፃ ሰዓት አያገኝም። በየቀኑ ክፍል በሚጀመርበት ሰዓት ካቆመበት ይቀጥላል። መፍትሔው ቀላል ነበር። አንድ ምሽት ቻርጀር ላይ ሰክታ ክፍት አድርጋ ተወችው። ማሻሻያውን ጨረሰ፣ ሪስታርት አደረገ። ከዚያ ሲበራ የሚነሱትን የማያስፈልጉ ፕሮግራሞች ከታስክ ማናጀሩ ገጽ ላይ አጠፋናቸው። ከዚህ በኋላ ጠዋት ለመነሳት የሚወስድበት ጊዜ በግልጽ አጠረ።

አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለማሽኑ ክፉ ቀናት ናቸው። ማሻሻያው ተከማችቶ ይጠብቃል፣ ኢንዴክሱ ገና እየተሠራ ነው፣ ፋይሎች ከክላውድ እየወረዱ ነው። በዚያ ሳምንት የተሰጠ ፍርድ ልክ አይሆንም። እስኪረጋጋ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ራሙ ነው

ቀጥሎ የክፍል ሰዓቷን ሁኔታ ደገምነው። የቪዲዮ ሚቲንግ ከፈትን፣ የትምህርቱን ድረ ገጽ ከፈትን፣ ወርድ ላይ ማስታወሻዋን፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ታብ በታብ ላይ ጨመርን።

ገና ምንም ሳይከፈት ዊንዶውስ ብቻውን ከ4 ጊጋው ከግማሽ በላይ ይዟል። በዚያ ላይ ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከዚሁ ይካፈላል። ሚቲንጉ ሲጨመር የቀረው አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚከፈተው እያንዳንዱ ታብ ሌላውን እያስወጣ ነው የሚገባው።

የሚወጣው ነገር የት ይሄዳል? ዊንዶውስ መጀመሪያ ጥቅም ላይ ያልዋለውን ነገር ራሙ ውስጥ እንዳለ ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ይህ መጭመቅ የፕሮሰሰር ጉልበት ይበላል። ያም አልበቃ ሲል ወደ ማከማቻው ይጥለዋል። ተመልሳ ያንን ታብ ስትነካ ከማከማቻው ተነቦ፣ ለእሱ ቦታ እንዲገኝ ሌላው ተጽፎ፣ ከዚያ ነው ገጹ የሚታየው። ያ ሁሉ የሚያልፈው በኢኤምኤምሲው በኩል ነው። የኢኤምኤምሲ 5.1 ደረጃው መስመር ቢበዛ በሰከንድ 400 ሜጋባይት ያስተላልፋል፣ በአንድ ጊዜም ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል። በተሻሉ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ፈጣኑ ማከማቻ፣ የተለመደ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያስተላልፋል፣ ማንበቡንና መጻፉንም እኩል ያስኬዳል። ትንንሽና የተበታተኑ ፋይሎች ሲሆኑ ደግሞ የኢኤምኤምሲው ጉዳት ይብሳል። ታብ ስትቀይር የሚፈለገው ይኸው ትንንሽና የተበታተነ ነገር ነው።

ልብስ ሰፊው የቱንም ያህል ቀልጣፋ ቢሆን፣ ጨርቁ ሌላ ሰፈር ተቀምጦ እየተመላለሱ የሚያመጡለት ከሆነ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በመጠበቅ ነው። የዚህ ማሽን ፕሮሰሰር እንዲያ ነበር። ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩ መስመር ሲጦዝ ያየ ሰው "ፕሮሰሰሩ አቃተው" ይላል። ግን ከዚያ ጡዘት ውስጥ ቀላል የማይባለው ራም ስላነሰ የመጣ የመጭመቅና የማመላለስ ሥራ ነው። ይህን እዚያው ፈተንነው። ሚቲንጉ እንዳለ ሆኖ ታቦቹን አንድ በአንድ ዘጋን። የተወሰኑት ሲቀሩ የዲስኩ አምድ ወረደ፣ የፕሮሰሰሩም አብሮ ወረደ፣ ማውሱም መንተፋተፉን ተወ። ፕሮሰሰሩ አልተቀየረም፤ የተገኘው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ነው። የእህቴ ልጅ ማሽን ያንን መስፈርት ልክ በልክ ያሟላል፣ አንድ ስንዝር አያልፍም። ይህ ያናድደኛል። ገዢው ካርቶኑ ላይ ዊንዶውስ 11 የሚለውን አይቶ "ይሠራል ማለት ነው" ብሎ ያምናል። ሲስተሙ ይነሳል፣ እውነት ነው። በዛሬው ድረ ገጽና በዛሬው የቪዲዮ ሚቲንግ ላይ ግን 4 ጊጋ ለዊንዶውስ አይበቃም። ይህንን ለተማሪ እያወቁ መሸጥ ልክ አይመስለኝም። ራሙ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ በኋላ ልጨምር ቢባልም አይቻልም። ኢኤምኤምሲውም እንደዚያው። አንዳንድ ሞዴሎች ውስጥ ለኤስኤስዲ የተተወ ባዶ ቦታ ይገኛል፣ በእሷ ውስጥ ግን አልነበረም።

የፕሮሰሰሩ ድርሻ

ፕሮሰሰሩ ከወቀሳ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። ኤን4020 በ2019 መጨረሻ የወጣ፣ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰር ክፍል) ብቻ ያለው፣ መነሻው 1.1 ጊጋኸርዝ፣ ጣሪያው 2.8 ጊጋኸርዝ የሆነ ቺፕ ነው። የተነደፈው ለ6 ዋት ሙቀት ነው። ያለ ፋን መሥራት የቻለውም ለዚህ ነው። የዘር ሐረጉ በ2008 ገደማ በትንንሾቹ ኔትቡኮች ውስጥ ከነበረው አተም ከሚባለው ደካማ የኢንቴል ቺፕ ጋር ይገናኛል። ሴሌሮን የሚለው ስም ይህን ይሸፍነዋል።

የሚገርመው፣ ቪዲዮ ማየት አልከበደውም። ቺፑ ውስጥ ኤች.264፣ ኤችኢቪሲና ቪፒ9 በሚባሉት መንገዶች የተጨመቀ ቪዲዮን የሚፈታ የራሱ ክፍል አለ። ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮውን በቀኝ ክሊክ ነክተን "ስታትስ ፎር ነርድስ" የሚለውን ስንከፍት የሚመጣላት በቪፒ9 ነበር። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ዘና ብሎ ነው የሚያጫውተው። አዲሱን የቪዲዮ መጭመቂያ፣ ኤቪ1ን፣ ግን ይህ ቺፕ በዚያ ክፍሉ አይፈታም። እሱ ሲመጣ ሸክሙ ሁሉ ሁለቱ ኮሮች ላይ ይወድቃል። ሌላም ነገር አየን። ልጅቷ ቪዲዮውን ሁሌ 1080 ላይ ነበር የምታደርገው። ስክሪኗ ያለው ቁመት 768 ነጥብ ብቻ ነው። ወደ 720 ስናወርደው በዓይን የሚታይ ልዩነት አልነበረም፣ ማሽኑም ኢንተርኔቱም ተገላገሉ።

ሚቲንግ ግን ሌላ ነው። እዚያ ማሽኑ የእሷን ምስል እየቀዳ ይልካል፣ የብዙ ሰው ምስል እየተቀበለ ይፈታል፣ ድምፅ ያጣራል። ከበስተጀርባዋ ያለውን ለማደብዘዝ ያበራችው ነገር ደግሞ በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ሰውየው የቱ ጋ እንዳለቀና ግድግዳው የቱ ጋ እንደጀመረ ያሰላል። ሁለት ኮር ላለው ቺፕ ይህ ከባድ ነው። የማደብዘዣውን አጠፋነው፣ ሁሉንም ሰው በፍርግርግ ከማየት ተናጋሪውን ብቻ ወደ ማየት ቀየርነው። የፕሮሰሰሩ መስመር ወዲያው ዝቅ አለ። ከቅንብሮቹ ሁሉ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣ ሌላ አላገኘንም።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ፋን የሌለው ማሽን ሙቀቱን የሚያስወጣው በገላው ነው። እሷ ደግሞ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አድርጋ ነበር የምትማረው። ክፍሉ እየረዘመ ሲሄድ ታስክ ማናጀሩ ላይ የሚታየው ፍጥነት ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ ከነበረበት ወደ መነሻው አካባቢ ይወርድ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ሲሆን እንዲህ አይወርድም። ባትሪው ወደ 20 ፐርሰንት ሲጠጋ የሚነሳው ባትሪ ሴቨርም ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ከባድ ክፍል ሲኖር ጠረጴዛ ላይ፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ የኃይል ምርጫው ወደ ከፍተኛ አፈጻጸም ተደርጎ እንዲሆን ተስማማን።

ያስተካከልነውና የተውነው

ኤስ ሞድ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ ያለ ፕሮግራም አያስገባም። የፈተና ሶፍትዌሯ ስቶሩ ላይ ስለሌለ መውጣት ግድ ሆነ። መውጣቱ በነፃ ነው፣ ግን መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከወጣን በኋላ ያገኘነውን ሁሉ እንዳንጭንበት ተጠነቀቅን። ሌላ ብሮውዘር ላውርድ ስትል ከዊንዶውሱ ጋር ከመጣው ብሮውዘር፣ ከኤጅ፣ ጋር እንድትቀጥል መከርኳት። ሁለት ብሮውዘር እኩል ከፍቶ መሥራት ለዚህ ማሽን መከራ ነው። ኤጅ ላይ ያልተነኩ ታቦች የሚተኙበትን ጊዜ አሳጠርነው። ማስታወቂያ ማገጃም ጨመርንበት። ይህኛው የሚናቅ አይደለም፤ ከባድ ከሚባሉት ገጾች የብዙዎቹ ክብደት ማስታወቂያው ነው።

ቦታውም ጠባብ ነው። 64 ጊጋ የተባለው በዊንዶውስ አቆጣጠር 60 እንኳ አይሞላም። ሲስተሙ፣ ኦፊሱና የፈተና ፕሮግራሙ ሲገቡ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ ማሻሻያ ሲመጣ ደግሞ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የተቀዱ ትምህርቶችን ዳውንሎድ ማድረግ አቁማ በቀጥታ ማየት ጀመረች። ፋይሎቿ ዋንድራይቭ ላይ እንዲቀመጡና ስትፈልጋቸው ብቻ እንዲወርዱ አደረግን።

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሲስተም መጫን የሚለውም ተነስቶ ነበር። እንደ ሉቡንቱ ያለ ቀላል ሲስተም በዚህ ማሽን ላይ ከዊንዶውስ በጣም ያነሰ ራም ይዞ ነው የሚነሳው፣ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ያረዝምለታል። እኔ ብሆን አደርገው ነበር። ነገር ግን የፈተና ሶፍትዌሯ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። በፈተና ሳምንት በሲስተም መሞከር ተገቢ አይደለም። ተውነው።

ከጓደኛዋ ማሽን ጋር

የኮርስ ጓደኛዋ ላፕቶፕም ከርካሾቹ መደብ ነው። ፕሮሰሰሩ በ2023 የወጣው ኢንቴል ኤን100 ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ። የሚገርመው፣ ኤን100ም የተነደፈው ለዚያው ለ6 ዋት ነው። ኃይል አይበላም ማለት ቀርፋፋ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። አራት ኮር አለው፣ ጣሪያው 3.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ኮሮቹ በእኩል ጊጋኸርዝ ሲለኩ የሚሠሩት ሥራ በ2015 ከወጣው የኢንቴል ስካይሌክ ፕሮሰሰር ጋር ይቀራረባል፣ ኤቪ1ንም በራሱ ክፍል ይፈታል።

ያንኑ የክፍል ሁኔታ በእሱ ላይ ደገምነው። ያው ሚቲንግ፣ ያው ታቦች፣ ያው ወርድ። የማደብዘዣውን እንኳ አበራን። ታብ ሲቀየር ወዲያው ይመጣል። የዲስኩ አምድ ብዙም አይነቃነቅም። ስክሪን ሸር ሲደረግ ፕሮሰሰሩ በርትቶ ይሠራል፣ ድምፁ ግን አይቆራረጥም። የእህቴ ልጅ ትንሽ ነካካችውና "ይሄማ ሌላ ዕቃ ነው" አለች። ልክ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን የአቅማቸውን ልዩነት ያህል አይሆንም።

ስለዚህ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። ለዊንዶውስ ከሆነ ከ8 ጊጋ ራም በታች አትግዛ። ማከማቻው ኢኤምኤምሲ ከሚል ኤስኤስዲ የሚል ፈልግ። ፕሮሰሰሩን የምታየው ከእነዚህ በኋላ ነው፣ ሲታይም የቤተሰቡን ስም ተወውና ቁጥሩንና የወጣበትን ዓመት ተመልከት። በርካሹ መደብ ውስጥ ሁለት ኮር ያለውና አራት ኮር ያለው ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አዲስ ከሚባል ደካማ ማሽን ይልቅ ለቢሮ የተሠራ፣ ራሙ የሚጨመርለት ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሻልበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ባትሪው ግን መፈተሽ አለበት።

ላፕቶፑን አልሸጠችውም። ጽሑፉ፣ ንባቡ፣ ኢሜይሉ፣ የተቀዳ ትምህርቱ ሁሉ በእሱ ላይ እየሄደ ነው፣ ቅሬታዋም ቀንሷል። ክፍል ስትገባ ሚቲንጉንና ማስታወሻዋን ብቻ ትከፍታለች። ያልተፈታው አንድ ነገር ነው። ሚቲንግ ላይ ሆና ስክሪን ሸር እያደረገች ረጅም ማቅረቢያ ማቅረብ አሁንም አይሆንላትም፤ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ስላይዱ ዘግይቶ ይገለበጣል። የቻልነውን ሁሉ ሞክረን አልተስተካከለም። የቡድን ሥራ ሲኖር የምታቀርበው ከጓደኛዋ ላፕቶፕ ላይ ሆና ነው።